ስለ አዋላጃችን የብስክሌት ጎማ፦ ለንብረትና አቅርቦት ኃላፊው

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ የንብረትና አቅርቦት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ፤ በተለይም አጥንትዎ የጸና፣ መገጣጠሚያዎ የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከቁልቁለቱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት የማስተምር፣ በቅርቡም ሴት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ልጄን በሰላም እንድታቀፍ ስላደረጉልኝ ሳይሆን፣ እንዳልታቀፋት ስላደረጉት ብርቱ ጥረት ለማመስገን ነው።

እንደሚያውቁት አዋላጃችን የምትሠራው በብስክሌት እየዞረች ነው፤ መንገዷም ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ዝናብ ሲነካው ሳሙና የሚሆን ቀይ አፈር ነው። አዲስ ጎማ ሊገዛ መሆኑን ስትሰማ ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ መሐሉ ለስለስ ብሎ አስፋልት ላይ የማይጎትት፣ ጎንና ጎኑ ግን ጥርስ ያለውና ጭቃ የሚቆነጥጥ ጎማ እንዲገዙላት ለመነችዎት። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ «እህቴ፣ ጎማ እስከዞረ ድረስ ጎማ ነው» ብለው ሸኟት። ስለዚህ ጥልቅ ትምህርት እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለአዋላጃችን የደረሳት እንደ መስታወት የለሰለሰ ቀጭን ጎማ ሲሆን፣ ጥርሳሙና ሰፊው ጎማ ግን በአስፋልት ላይ ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ለሚያመላልሱት ተላላኪዎችዎ ተሰጥቷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ግርማ ሞገስ አለው» ተባለ። በቢሮዎ ደጅ እንደ ወፍጮ እያጓራ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ፤ የወረቀቶችዎ ደኅንነት ስለተጠበቀ ደስ ብሎኛል።

፪ኛ. ምጤ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ ነበር። ባለቤቴ ሲደውልላት «መጣሁ፣ አይዟችሁ» አለች፤ መጣችም። ቁልቁለቱ ላይ ግን የመረጡላት ጎማ ከሥሯ ሸርተት አለና በእጇ መሬቱን ስትደገፍ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ብስክሌቱን ቦይ ውስጥ ጥላ፣ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ጨረሰችው። አማቴ በሩን ሲከፍቱ ከራስ እስከ እግሯ ጭቃ የለበሰች፣ እጇን በሻሿ ያሰረች ሴት ቆማ አገኙ። «እማማ፣ ዛሬ ቀኝ እጄ እርስዎ ነዎት፤ የምልዎትን ብቻ ያድርጉ» አለቻቸው። የልጄ እትብት አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና፣ አማቴ፣ እሷ በግራ እጇ እየደገፈችና ጥርሷን ነክሳ እየመራቻቸው አላቀቁት። ልጄ መጀመሪያ ዝም አለች። ያን ዝምታ ለእርስዎ የምገልጽበት ጨዋ ቃል የለኝም። ከዚያ ጮኸች፤ አዋላጃችንም ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ለራሷ ሕመም ያን ጊዜ አለቀሰች።

፫ኛ. ጽሕፈት ቤትዎ ስለዚህ ሥራዋ የሰጣት ሽልማት «በጥንቃቄ ጉድለት ብስክሌት አበላሽታለች» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። አንጓዋ ጠምሞ ስለገጠመ ጣቶቿን መጨበጥ አቅቷት ዛሬ ካርድ ክፍል ተቀምጣለች፤ ከቁልቁለቱ ማዶ ያለን ሴቶችም ያለ አዋላጅ ቀርተናል። ጎረቤቴ ወሯ ገብቷል። ዝናብ ባጉረመረመ ቁጥር ሆዷን ይዛ ወደ መንገዱ ታያለች፤ በዚያ መንገድ ግን የሚመጣ ሰው የለም።

ስለሆነም ማስጠንቀቂያው እንዲነሣ፣ አዋላጃችን በሙሉ ወጪያችሁ እንድትታከም፣ በምትኳም ሌላ አዋላጅ ለመንገዱ ከሚሆን ጎማ ጋር እንድትላክልን እጠይቃለሁ። ይቅርታ እንዲጠይቋትም አሳስባለሁ፤ ለዚህ እንኳ ቢያንስ ከወንበርዎ እንደሚነሡ ተስፋ አለኝ።

ውሳኔዎ በሌላ ሰው አጥንት ላይ ሲያልፍ ድምፁን ከሰማችው፣
ዘወትር አክባሪዎ፣
የማዶዋ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ አማቴም ለእርስዎ የሚሉት ብዙ ነገር ነበራቸው፤ ነገር ግን ሕፃኗ አጠገቤ ስለነበረች በጽሑፍ ላሰፍረው አፈርኩ። ሰኞ ጠዋት ራሳቸው በአካል ቀርበው ያስረዱዎታል። እባክዎ ስብሰባ አለኝ እንዳይሏቸው፤ ደጅ ላይ ሆነውም ቢሆን ይናገሩታል፣ ድምፃቸውም ሩቅ ይሰማል።