የገብስማዋ ዶሮ እግር

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ወገብሽ፣ ጉልበትሽ፣ ሁሉም በየቦታው አለ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው እንደ አንቺ አባባል አይደለም፤ ሐኪም ቢያየኝም ደህና ነኝ። ደብዳቤ የጻፍኩልሽ፣ በስልክ ስለ ጤናሽ በጠየቅሁሽ ቁጥር ወሬ ቀይረሽ ስልኩን ለእህቴ ስለምታቀብያት ነው። ይህን ወረቀት ደግሞ ለማን እንደምታቀብይው አያለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ገብስማ ዶሮሽን፣ ዲቃላ ናት፣ እናቷም አባቷም ቢያይዋት አይቀበሏትም ማለቷን ሰምቼ አዘንኩ። ነጋዴው ምርጥ ዘር ብሎ ሸጦልሽ፣ አንቺም ጫጩቶቿን በዚሁ ስም ልትሸጪ ተነስተሽ፣ እንዲህ ያለ ስም ማጥፋት! ስለዚህ እንዳዘዝሽኝ፣ የዶሮ ፎቶ ሲያሳዩት ዝርያዋን የሚናገረውን አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ።

እህቴ አንቺንና ዶሮዋን አንስታ የላከችውን የመጀመሪያ ፎቶ በምሳ ሰዓት፣ እዚሁ አንሶላ የምናጥብበት የሆቴሉ ምድር ቤት ሆኜ አሳየሁት። አፑ ዶሮዋን ትቶ ቢጫ ሻርፕሽን በመስመር ከበበና ሰባ ከመቶ አውራ ዶሮ ነው አለ። በነገር ሁሉ ስለሚፈርድ ዳኛው የምንለው ካውያ ላይ የሚሠራ ባልደረባዬ ፎቶሽን አየና፣ እናትህ ይግባኝ ትጠይቅ፣ ሰባ ያንሳታል አለኝ። ለክብርሽ ስል ስልኬን ነጠቅኩት።

ከዚያ አፑ ዶሮዋን ከጎን፣ ከፊት፣ እግሯንም ለብቻው አንሱልኝ አለ። ከጎን በተነሳው ፎቶ ቆመሽ ይዘሻታል። ከፊት በተነሳው ተቀምጠሻል። እግሯ በተነሳበት ግን ያንቺም ግራ እግር አብሮ ገብቷል። ጫማሽን ከኋላው ረግጠሽዋል። ቁርጭምጭሚትሽ አይታይም፤ እብጠቱ ውጦታል። እማዬ፣ ጫማ ረግጦ መሄድ ስድነት ነው እያልሽ ያሳደግሽን እኮ አንቺ ነሽ! ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ዳኛውም ስልኩን ተቀብሎ አየና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይፈርድ መለሰልኝ።

እህቴን ደውዬ አፋጠጥኳት። ትራስ ላይ እግርሽን ሰቅለሽ እንደምትተኚ፣ ገበያ መውጣት እንደተውሽ፣ ትንፋሽም እንደሚያጥርሽ እያለቀሰች ነገረችኝ። የተጠየቀው የዶሮዋ እግር ነው እንጂ የኔ አይደለም፣ የኔን ከፎቶው ቆርጠሽ አውጪና ላኪለት እንዳልሻትም ጨመረችልኝ። ሳትቆርጥ ስለላከችው አትቆጫት።

አሁን ወደ ጉዳያችን። የአፑ መልስ መጥቷል፤ የገብስማዋ ዘር ታውቋል። ግን አልነግርሽም። የምነግርሽ እግርሽን ሐኪም አይቶት፣ ያለውንም እህቴ አንድ በአንድ ካስረዳችኝ በኋላ ነው። እልኸኝነቴ ከማን እንደመጣ ታውቂያለሽና ለማባበል አትድከሚ። ሩቅ ሆኖ የሚፈራ ሰው የሚይዘው ያጣል፤ ክንድሽን ይዤ ሐኪም ቤት ላደርስሽ አልችልም፣ በእጄ ያለችው ይቺው ዶሮ ብቻ ናት።

እህቴን ሳሚልኝ፤ ስትሄዱ ትደግፍሽ፣ አንቺም ልቀቂኝ አትበያት። የእህቴን ሕፃን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አጎቴን እጅ ነሥቻለሁ፤ የሚያገግም እግር ነው እያለ እንዳያዘናጋሽ አደራ። ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ግን ቆመሽ አትጫወቺ፤ ሐኪሙ በጠዋት ነው የሚገባው።

ልጅሽ

ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ ከአንሶላው ክምር አጠገብ
የካቲት 9 ቀን