ጸበል ያልደረሰው ቤዝመንት

ለማከብርዎ ጋሼ ወልደገብርኤል፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደብዳቤ በመጻፌ አይገረሙ፤ ስልኬን አንዳንዴ ወንድምዎ አስቻለው ስለሚያየው ነው።

ከኦሮራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ገጠር ውስጥ፣ አሮጌ ቤት መግዛታችንን አስቻለው ነግሮዎት የለ? ድሮ፣ እዚህ አገር መጠጥ በተከለከለበት ዘመን፣ የኖረበት ሰውዬ ኮንትሮባንዲስት ነበር አሉ። ጎረቤታችን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ስለሱ አውርቶ አይጠግብም። ሰውዬው ቀይ ቦት ጫማ አድርጎ፣ በወተት ጣሳ ውስኪ ሞልቶ፣ ለፖሊሶቹ ከላይ ካለችው ጣሳ እውነተኛ ወተት እየቀዳ ያልፍ ነበር። ውስኪውን ይደብቅ የነበረው እኛ ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ክፍል ውስጥ ነው። አስቻለው መጀመሪያ በሳቅ ይሞት ነበር። አሁን ሽማግሌው ብቅ ሲል "ሥራ አለብኝ" ብሎ ከበር ይመልሰዋል።

ቅዳሜ ቄስ ጠርተን ቤቱን ጸበል አስረጨን። ጋራዡ እንኳ አልቀረም። ቤዝመንቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን አስቻለው ቀድሟቸው ቆመ።

"አባቴ፣ እዚህ ምንም የለም።"

"ምንም ከሌለማ ክፈተው፣ ልጄ።"

"ቁልፉ ጠፍቶብኛል።"

ጓጉንቸሩ አዲስ ነው፣ ጋሼ። በኋላ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ሲል፣ ከማተቡ ጋር የታሰረ ቁልፍ ከሸሚዙ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ቄሱም አዩ፣ እኔም አየሁ።

ልጆቹ ደኅና ናቸው፤ ጓሮ መጫወት ግን ከልክሏቸዋል።

እርስዎን ይፈራል። ሲደውል እንዲያው ስለ ቤቱ ይጠይቁት፤ መጻፌን ግን አያንሱበት። በጸሎትዎ ያስቡን። መልስዎን በቤተ ክርስቲያኑ አድራሻ ይላኩልኝ፤ ቤታችን የሚመጣውን ፖስታ እሱ ነው የሚከፍተው።

የወንድምዎ ሚስት፣
ፀዳል