ሳይወቀጥ የተረፈው ጓል

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎትስ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ዳገቱን ያስወጣዎታል? የእማዬስ ዓይን ተሻላት? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን የእህቴ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ እርር ድብን እንዳለ ነው።

የታችኛው ማሳ ባቄላ ቢጫ ሆኖ መቅረቱን ጽፋልኛለች። አጎቴም ሰው በተሰበሰበበት “አፈሩ የጠገበ ነው ብሎ ልጅህ ፈርሟል፤ የጎደለው ያንተ ጉልበት ነው፤ ማሳውን ማረስ ለምችለው ለእኔ ልቀቅ” አለዎት አሉ። እርስዎም አንገትዎን ደፍተው የታችኛውን ማሳ ሊለቁለት ቃል ገቡ። አባዬ፣ ይህን ሳነብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አምና የላኩልኝን አፈር የመረመርኩት እኔው ነኝ። እንደ ቤተ ሙከራችን ደንብ በሙቀጫ ወቀጥኩት፣ በወንፊት ነፋሁት፣ ለካሁት። ለተክል የሚሆነው ምግብ ሞልቶ ተርፏል። ከተመረቅሁ ወር አልሞላኝም ነበር፤ ደስ ብሎኝ “ማዳበሪያ አያስፈልገውም” ብዬ ፈረምኩ። እርስዎም ልጄ ተምሯል ብለው አመኑኝ።

ሰሞኑን ከዚያው አፈር ሳይወቀጥ የተረፈ ጓል ከመደርደሪያው ሥር አገኘሁ። ለሁለት ሰንጥቄ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ላዩ ስስ የሸክላ ልስን ለብሶ ያብረቀርቃል፤ ወደ ታች የሚሰርገው ውሃ ተሸክሞ አምጥቶ የለሰነው ነው። ምግቡ ውስጥ ተዘግቶበታል። ጓሉ ላይ የቀረች አንዲት ቀጭን የተክል ሥር ልስኑን ታክካ ዙሪያውን ሄደች እንጂ አልገባችም፤ ደጅ ስትጠና ደረቀች። እኛ ግን ልስኑን በዘነዘና አድቅቀን፣ ተክሉ የማይደርስበትን ሁሉ እንደ በላው እንቆጥርለታለን!

ሮጬ ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። “ሃያ ዓመት ስንወቅጥ ኖረናል። አንተ ምሩቁ፣ እንግዲያው ሥሩ ጥርስ እንዲያበቅል ምከረዋ!” ብለው ክፍሉን በሙሉ አሳቁብኝ። ውጤቱን ላርመው ብላቸውም የተፈረመ አይነካም አሉኝ።

አባዬ፣ የጎደለው የእርስዎ ጉልበት አይደለም፤ የኔ ዓይን ነው። ማሳውን አይልቀቁ። ፍግ አብዝተው ይጨምሩበት፤ ማዳበሪያውንም ሥሩ ቶሎ እንዲያገኘው ከዘሩ ጎን ጠጋ አድርገው ይቅበሩት። በእርግጥ ይሰምራል ብዬ ግን አልምልም፤ አምና ምዬ አይቼዋለሁ። ሦስት ጓል ሳይሰበር በጨርቅ ጠቅልለው ይላኩልኝ፤ ቢስቁም ባይስቁም እመረምረዋለሁ።

እማዬን እንደናፈቀችኝ ይንገሩልኝ። ታናሽ ወንድሜን በርታ፣ ከአባዬ ጎን አትለይ ይበሉልኝ። አጎቴንም ሰላም ይበሉልኝ። እህቴ ይህችን ደብዳቤ እሱ ባለበት፣ ያን ዕለት የሰሙት ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ጮክ ብላ ታንብባት። “ያሳፈርኩዎት ልጅዎ” ያልኩበት ጋ ስትደርስም ድምጿን አትቀንስ።

ያሳፈርኩዎት ልጅዎ
ከቤተ ሙከራው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥር 23 ቀን