አልቡላን በጉም ስንወርድ

ሴራይና የኔ ቆንጆ፣

አስቀድሜ ልገላግልሽ፤ መኪናሽ ደህና ናት፣ ጭረት እንኳ የላትም። እኛም ደህና ነን።

የአልቡላን ተራራ መንገድ የመኪናሽን ጣሪያ ከፍተን በፀሐይ ወጣነው። በየጠመዝማዛው ሞተሯ ሲያገሳ አባዬ ይስቃል፤ ዓይኑን ካጣ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ጉም ዋጠን። የመኪናዋ አፍንጫ እንኳ ጠፋኝ። እንዳልቆም ከኋላ የሚመጣ ይገጨናል፤ በቀኛችን ገደል ነው።

«ማርሽ ቀንሺ» አለኝ አባዬ። «አሁን ወደ ግራ ትታጠፊያለሽ። ክላክስ አድርጊ!»

«አባዬ፣ አንተ እኮ አታይም!»

«አንቺስ ታያለሽ?»

ሃያ ስምንት ዓመት ደብዳቤና መንገደኛ የሚያመላልሰውን የፖስታ አውቶብስ የነዳበት መንገድ ነው። ድልድዩን፣ ግንቡን፣ መንገዱ የሚጠብበትን ቦታ ሁሉ ቀድሞ እየነገረኝ ቀስ እያልን ወረድን። እቤት የስኒውን እጀታ በዳበሳ የሚፈልግ ሰው፣ እዚህ አንድ መታጠፊያ እንኳ አልተሳሳተም።

ከቁልቁለቱ ሥር ቤርጉን መንደር፣ እንግዳ ማረፊያው ደጅ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቼ እዬዬ አልኩ፤ እፎይ የማለት ለቅሶ ነው። የማረፊያው ባለቤት ወጥታ «በዚህ ጉም ማን ነው የነዳው?» ስትል፣ አባዬ ቀድሞኝ «እኔና ልጄ» አላት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ልጆቹንም አንድ በአንድ። መኪናሽን እስከ ሰኞ ብናቆያትስ? አባዬ «ነገ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ያለውን መንገድ ላሳይሽ» እያለኝ ነው።

ላዲና