ጥግ ሳላስቀር

ጥቅምት 4
ሹፌሬ ዛሬም ደህና አደረ። ማለት... ስሜ ጠፍቶታል እንጂ ቁርሱን በልቷል። ከአውቶቡስ ሹፌርነቱ ጡረታ ወጥቶም እኔ እንደሆንኩ ባሌን ሹፌሬ ነው የምለው። የልጅ ልጄ በሠራችልኝ ገጽ ላይ ያለውን ወሬውን አነበብኩለት። አእምሮው ሳይደክም እሱ እያወራ፣ እኔ በአንድ ጣቴ እንደ ዶሮ እየለቀምኩ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍነው ነው። ገና ሳንተዋወቅ፣ ፌርማታዬን ሆን ብሎ አልፎ እስከ መጨረሻው የወሰደኝ ጋ ስደርስ ይስቃል። ሁሌ እዚያችው ላይ! ሌላ ምን ቀረኝ?

ጥቅምት 7
ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። እንደ ጉልበቴ። ስነካካው "አጽዳ" የሚል አገኘሁ። ዕድሜዬን የሆስፒታል ወለል ስወለውል ኖሬ ጽዳት ልፈራ ነው? የጠየቀኝን ሁሉ እሺ፣ እሺ ብዬ ጥርግ! ጥግ እንኳ አላስቀረሁም።

ጥቅምት 8
ገጹ አለ። ወሬው የለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ... ባዶ። ምን በላው?

ጥቅምት 9
የልጅ ልጄ ከሥራ በቀጥታ መጣች።
"እማማ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ነካካሽ?"
"ምንም! አጸዳሁት እንጂ።"
ፊቷ አመድ መሰለ። "ገጹን የሚያሠራው ኮድ፣ ጃቫስክሪፕቱ፣ የጻፍሽውን የሚያስቀምጠው እዚሁ ገጹን በምትከፍቺበት ብሮውዘር ውስጥ ነበር። እሱን ስታጸጂ አብሮ ተጠረገ።"
"ታዲያ መልሺዋ!"
"ከየት ላምጣው? ሌላ ቦታ የለም እኮ... የሁለታችሁ ብቻ ይሁን ብዬ..."
"የተማርሽው ለዚህ ነው?" አልኳት። አለቀሰች። ምላሴን ይቁረጠው። ጠራጊዋ እኔ፣ ተቆጪዋም እኔ!

ጥቅምት 12
እሱኑ ልጠይቀው አልኩ። አጠገቡ ቆሜ፣ "አንተ፣ ያን ቀን ፌርማታዬን ለምን አለፍከው?"
አየኝ፣ አየኝና... "ይቅርታ እናቴ፣ አላየሁም" አለ።
ተሳፋሪ መስዬው ነው። ወጥቼ ጓዳ ገባሁ።

ጥቅምት 20
የልጅ ልጄ ገጹን እንደ አዲስ ሠራችው። "ይሄኛው ሌላም ቦታ ይቀመጣል፣ ብታጸጂውም አይጠፋም" አለች። ተባረኪ አልኳት። ግን ምን ልጻፍበት? ታሪኩንማ አውቀዋለሁ። እሱ ሲያወራው ነበር እንጂ የሚያምረው... በኔ አፍ ስነግረው አይስቅም።
ከሰዓት መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ ሻይ ወሰድኩለት።
"እናቴ፣ የት ነው የሚወርዱት?"
ምን ይባላል? "መጨረሻው ላይ" አልኩት።
"ኧረ ሩቅ ነው። አይቁሙ፣ ይቀመጡ።"
ተቀመጥኩ።