በቅዳሜ ጋዜጣ ላይ የነበረው ቀዳዳ

ለታላቅ እህቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ከገባ ከሁሉ በፊት ጤናሽን ንገሪኝ። ያ ብርድ ሲነካው የሚያስለቅስሽ ጆሮሽ ተሻለሽ? ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ብቅ ብላ ስለ ጆሮ የምትጠይቅ እህት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ። አባባም ደህና ነው፤ ዓይኑ ብቻ ከድቶታል።

ሥራዬን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ጋዜጣ ቤት ገብቻለሁ። ጸሐፊ ሆኜ እንዳይመስልሽ! ምድር ቤት፣ አሮጌ ጋዜጦች የሚቀመጡበት ክፍል ነው የምውለው። መስኮት የለውም። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ስለተሰበረ ዘበኛው ከውጭ ካልከፈተልኝ አልወጣም። አንድ ቀን ለምሳ ረሳኝና በሩን ስደበድብ ቆይቼ ሲከፍትልኝ፣ «ውይ እህቴ፣ እኔ እኮ አይጥ መስሎኝ!» አይለኝም መሰለሽ!

አለቃዬ አንባቢ የሚያስቁ የድሮ ማስታወቂያዎች ፈልጊ ብሎኝ ጉድ ሳይ ነው የምውለው። «በሰባት ቀን ጠጉር የሚያበቅል ቅባት» ይልና ከጎኑ የነጋዴው ፎቶግራፍ አለ፤ አናቱ እንደ እንቁላል ያበራል። አንዱ ደግሞ «አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ የሙሽራ ልብስ ይሸጣል» ብሎ አውጥቶ፣ በሳምንቱ ያው ሰውዬ «ጭራሽ ያልተለበሰ» ብሎ አርሞታል። ምስኪን!

እንዲህ እየሳቅኩ ነው አንቺ ከቤት የሄድሽበት ዓመት ጥራዝ ላይ የደረስኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣውን ተከታታይ ታሪክ እንዴት እወደው እንደነበር ታስታውሻለሽ? አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስድስት ቅዳሜ በተከታታይ ጋዜጣችን መሃሉ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ነበር የሚደርሰኝ። አባባን ብጠይቀው፣ «ለኮሌታ ቅድ ፈልጌው ነው» አለኝ። ልብስ ሰፊ ወረቀት ቢቆርጥ ምን ይገርማል? አምኜው የጎደለውን ታሪክ ከራሴ እየሞላሁ አነብ ነበር።

አሁን ሙሉውን ሳገኝ፣ እስቲ ምን አምልጦኝ ነበር ብዬ አነበብኩት። ምንም! ሴትዮዋ ሻይ ስትጠጣ ነበር። ተናድጄ ገጹን ገለበጥኩት። በዚያው ቦታ፣ በጀርባው፣ በትንሽ ሣጥን እንዲህ ይላል፤ «ለሚጢጢ። ክፍል አግኝቻለሁ፣ ለሁለት ይበቃል። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ያንቺ ነው። በፖስታ ሣጥን ቁጥር 318 ጻፊልኝ። የጫማሽን ክር የማስርልሽ።»

ስድስቱንም አገኘኋቸው፣ እትዬ። በስድስተኛው ላይ «አልጋውን ለማንም አልሰጠሁትም» ብለሻል። ለካ አራት ማዕዘን ኮሌታ የለም! የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ ይህን አለማሰቤ!

አባባ ግን ይህን ሁሉ ዓመት «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ እህትሽ ረስታሻለች» ሲለኝ ኖረ። እኔም አንዷ ጥላው ሄዳለች፣ ሁለተኛዋ መሆን የለብኝም ብዬ ለጋብቻ የመጡልኝን ሁለት ሰዎች መለስኩ። የቤቱ ቁልፍ አንገቱ ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ይከፍትልኛል፣ ከኋላዬ ይቆልፋል፣ ከዚያ ጋዜጣ አነብለታለሁ። «ማስታወቂያውን እንዳትዘይ» ይለኛል ሁልጊዜ፤ የሚከራይ ቤትም ይሁን የጠፋ መታወቂያ አንድም አይቀርም። ለምን እንደሆነ ገብቶኝ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሰኞ በሚሸጥ የስፌት መኪናና በጠፋ ውሻ መካከል ያንቺን አስገብቼ አነበብኩለት። እጁ ወደ አንገቱ ሄዶ ቁልፉን ጨበጠ። «ይሄ የዛሬ አይደለም» አለኝ። እንዴት አወቅህ ስለው፣ ቀስ ብሎ፣ «ስድስተኛው ነው» አለ።

ከዚያ ደግሜ እንዳነበው ጠየቀኝ። ደገምኩለት። «በይ ቀጥዪ፣ ውሻው የት ነው የጠፋው?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋዜጣ አንብቢልኝ አላለኝም፤ ሬዲዮ ይበቃኛል ይላል። ምሳውን የምታደርስለት ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ እኔ ለእሱ አላንስም፤ አንቺ ብቻ ስለራስሽ አስቢ» ብላኛለች።

የፖስታ ሣጥኑ ዛሬም ያንቺ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። የሌላ ከሆነ፣ ይህን የሚያነቡ ሰው ሆይ፣ እባክዎ እህቴን ያፈላልጉልኝ። እንዳያመልጥሽ ደግሞ በመጪው ቅዳሜ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ከእኔ ለአንቺ ትንሽ ሣጥን ይወጣል። አሁን የሚቆርጠው የለም።

ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ የከፈትሽው በር አይዘጋብሽ።

የጫማዬን ክር አሁን ራሴ አስራለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጫማዬ አልጋዬ ሥር ሳይሆን በሩ አጠገብ ነው የሚያድረው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ፣
ሚጢጢ