ሲሄድ አራት፣ ሲመለስ ሃያ ሰዓት ስለሚበረው አውሮፕላንዎ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የመረጃ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ በተለይም የቢሮዎ የግድግዳ ሰዓት በትክክል የሚሠራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ተራ ደንበኛዎ ነኝ። የእህቴ ልጅ በሩቅ አገር ዓይኗን ታማለች፤ መድኃኒቷ እዚያ ስለማይገኝ ከዚህ በበረዶ ሣጥን እያሸግሁ በአክስቴ እጅ እልክላታለሁ። መድኃኒቱ ከሞቀ አይሠራም።

አንደኛ፣ በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር፣ የጉዞው ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት መሆኑን በመረጃ ገጽዎ ስላሳወቁን እጅግ እናመሰግናለን። የፋርማሲዋ ባለሙያ ይህንኑ አይታ፣ ለክፉም ለደጉም ብላ ጥቂት ጨምራ፣ ለስድስት ሰዓት የሚበቃ በረዶ አደረገች። አውሮፕላንዎ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት በረረ። አክስቴ ሣጥኑን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች፣ የቀለጠው በረዶ ቀሚሷን እያራሰው፣ አስተናጋጆችዎን በረዶ ስትለምን ቆይታ ደረሰች። ሐኪሙ መድኃኒቱን በእጁ ዳሰሰና ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ሁለተኛ፣ ያው አውሮፕላን በዚያው መንገድ ሲመለስ ሃያ ሰዓት እንደሚፈጅበት ገጽዎ ይናገራል። ደውዬ ምክንያቱን ብጠይቅ ጨዋው ሠራተኛዎ «ጌታዬ፣ ነፋስ ነው» አሉኝ። አልለቅ ስላቸው አሠራሩን በትዕግሥት አስረዱኝ። ክፍልዎ የጉዞ ጊዜን የሚያወጣው ካረፈበት ሰዓት ላይ የተነሣበትን ሰዓት በመቀነስ ነው፤ ከዚህ ጧት ሁለት ሰዓት ተነሥቶ እዚያ ቀን ስድስት ሰዓት ያርፋል፣ ስለዚህ አራት። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እዚህ መሽቶ እራት እንደምንበላ ብነግራቸው «እሱ የእኛን ክፍል አይመለከትም» ብለው ስልኩን ዘጉ። ፀሐይ በየትኛው ክፍል ሥር እንደምትተዳደር ቢጠቁሙኝ አቤቱታዬን ወደዚያው በወሰድሁት ነበር።

ሦስተኛውን በጨዋ ቋንቋ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሌላ መድኃኒት እስክናገኝ ቀናት አለፉ፤ የልጅቷ ግራ ዓይን ጠፋ። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ።

ይህን ስጽፍ አክስቴ የልጅቷን ቀኝ ዓይን የሚያተርፈውን ሣጥን ይዛ አየር ላይ ናት፤ እኔም ስልኬን ፊቴ አስቀምጬ አፍጥጬበታለሁ። በረዶውን በዚህ ጊዜ ያስደረግነው ለሃያ ሰዓት ነው። የመመለሻዎ ስሕተት ለመሄጃችን ስለዋለልን ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

መልስዎን በገጽዎ አቆጣጠር በአራት ሰዓት፣ ካልሆነም ነፋሱ በፈቀደልዎ ጊዜ ሁሉ በአክብሮት የሚጠባበቅ ታዛዥ ደንበኛዎ፣
የልጅቷ አጎት

ማስታወሻ፦ አክስቴ አሁን ደወለች፤ በረዶው ሳይቀልጥ ደርሷል። ልጅቷ ሲሻላት ወደ እኛ መምጣት ስለምትፈልግ ገጽዎን ራሷ ታነበዋለች። ቁጥሩን ማረም ክፍልዎን የማይመለከት ከሆነ፣ የምታነበው በአንድ ዓይኗ ነውና እባክዎ ፊደሉን እንኳ ተለቅ ያድርጉላት።